ሟርተኛ ያጣ ኩባንያ

ጭጋግ የኒሻቫን ወንዝ በዋጠበት አንድ የኅዳር ዓርብ ማለዳ፣ አቶ ራዲሳቭ ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ መሀል የእኅታቸውን ልጅ ዱንያን አገኟት። ከእናቷ ቀብር ወዲህ አልተያዩም ነበር። ዱንያ የሥራ አመራር ተምራ ቤልግሬድ ውስጥ ኩባንያዎችን የምታማክር ሴት ናት። እሳቸው ደግሞ ወንዙ በሚያቋርጣት በኒሽ ከተማ፣ የየቤቱን የማሞቂያ ፍጆታ ለክፍያ የሚቆጥር መሣሪያ ከነኮምፒውተር ፕሮግራሙ የሚሠራ ኩባንያ አላቸው። ስምንት ሆነው የጀመሩት ሥራ ዛሬ መቶ ሃያ ሰው ያስተዳድራል። በዚህ ይኮሩ ነበር፤ ኩራት ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ ጆሮ የመድፈን ክፉ ልማድ አለበት።

«እንዴት ነሽ አንቺ ምሁር! ዛሬስ የማንን ኩባንያ ልታምሺ መጣሽ?»

«ለእናቴ ሙት ዓመት ነው የመጣሁት፣ አጎቴ። እርስዎ ግን ምነው ከሱ?»

«ሥራ ነዋ! ሰኞ ትልቁን ውል እፈርማለሁ። የአንድ ከተማ ሕንፃ በሙሉ በእኛ መሣሪያ ሊቆጠር ነው። በዓመቱ እጥፍ እንሆናለን።»

«ደስ ይላል። ሠራተኞቹስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ሁሉ ሰላም ነው። እኔ ቤት ደንብ አለ፤ በሰኞ ስብሰባ መጥፎ ወሬ ያመጣ ሰው ‹ሟርተኛ› ይባልና ለቢሮው ሁሉ ሥጋ የተጠቀለለበት የቡሬክ ቂጣ ከነእርጎው ይጋብዛል። ሳምንቱንም ሲሳቅበት ይከርማል። ይኸውልሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልጋበዘም!» አሉና ክፉ ዓይን እንዳያገኛቸው እንደ አገሩ ልማድ የእንጨቱን መደርደሪያ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ።

ዱንያ አልሳቀችም። ቁርሳቸውን ይዘው መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠባብ ጠረጴዛ ቆሙ።

«አጎቴ፣ እንዳይቀየሙኝ። መቶ ሃያ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ስሕተት ሳይሠራ ይኖራል?»

«ጎበዞች ናቸዋ!»

«ጎበዝማ ስሕተቱን ከማንም ቀድሞ ያያል። እርስዎ ሰላም ነው ያሉት ነገር ፍርሃት ነው።»

«የምን ፍርሃት? ቀልድ እኮ ነው! ማንን ስቆጣ አይተሻል?»

«ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቁጣ ያልፋል፤ መሳቂያ መሆንን ግን ሰው አይረሳም። ስምንት ሆናችሁ በአንድ ክፍል ስትሠሩ እውነትም ቀልድ ነበር፤ የተበላሸውን ሁሉ በዓይንዎ ያዩት ነበራ። ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጠዋል፤ የሚያውቁት የነገሩዎትን ብቻ ነው። ኩባንያ ሲያድግ ወሬ ከታች እስከ ላይ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል። እርስዎ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ቀረጥ ጣሉበት።»

የአቶ ራዲሳቭ ፊት ተለዋወጠ። «ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰው ዝም ቢል አይነቅዝ ይሆናል፤ ኩባንያ ግን የሚነቅዘው በዝምታ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውስ?»

«እሺ፣ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ዛሬውኑ ይሰብስቧቸው። ‹ችግር አለ ወይ?› ካሉ የለም ይሉዎታል። ይልቅ ‹ውሉን ፈረምን፤ በዓመቱ ኩባንያው ወደቀ እንበል፤ ምን ጣለው?› ይበሉ። ያኔ ክፉውን መናገር ሟርት መሆኑ ቀርቶ ሥራ ይሆናል። መጀመሪያም እርስዎ ይናገሩ።»

«በገዛ አፌ? በውሉ ዋዜማ? ወዲያ በይልኝ!» የጠረጴዛውን እንጨት እንደገና ኳ ኳ አደረጉ።

«ከወደቁ እንጨቱ አያነሣዎትም፣ አጎቴ።»

ተቆጥተው፣ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ቁጣቸው ግን እስከ ቢሮው ደጃፍ እንኳ አላደረሳቸውም። ከደረጃው ሥር ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎች አንዱ የሆነውን መሐንዲስ ስላጃንን አገኙት። «እንዴት ነው፣ ስላ...» ሲሉ «ሁሉ ሰላም!» ብሎ ዓይኑን ሰበረ። ስሙን እንኳ ጠርተው አልጨረሱም። ስንት ዓመት እንዲህ ሲመልስላቸው ኖሯል?

ረፋዱ ላይ ሁሉንም ሰበሰቡና ዱንያ እንዳለቻቸው ጠየቁ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ከኋላ ሳቅ አፈነ።

«እንግዲያው እኔ ልጀምር» አሉ። «ይህን ውል የፈለግሁት ትልቅ ለመባል ነው። የምንችለው ሥራ መሆኑን ግን እንጃ። ፈርቻለሁ፣ ልጆቼ።»

ያኔ ከመሣሪያ ፍተሻ ክፍል ቬሪካ የምትባል ሴት ተነሣች። «ብርዱ ሲጠና መሣሪያው ይሳሳታል፣ ጋሼ። ያልሞቀውን ቤት ሞቀ ብሎ ይቆጥራል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካምናው የብርድ ወራት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ከእርስዎ በቀር ሁላችንም» አለ ስላጃን፣ መሬት መሬት እያየ።

አቶ ራዲሳቭ ያንኑ ቀን ለከተማው ሹማምንት ደውለው እውነቱን ነገሩ። ሹማምንቱ አመሰገኑና ውሉን ለሌላ ሰጡ። ለውሉ ሥራ ተብለው አስቀድመው የተቀጠሩ ሠላሳ ሰዎች ተሰናበቱ፤ አቶ ራዲሳቭ ራሳቸው እያንዳንዳቸውን እየጠሩ ነገሯቸው። የሟርተኛው ደንብም በዚያው ቀረ።

«ረታሽኝ» አሏት ዱንያን በስልክ። «ግን ሠላሳ ሰው በተንሁ። ይኼ ነው ጥቅሙ?»

«ያማል፣ አጎቴ። ፈርመው ቢሆን ግን በጥር ብርድ ስንት ድሃ ላላገኘው ሙቀት ይከፍል ነበር፤ ነገሩ ሲወጣም መቶ ሃያውም ይበተን ነበር። አሁን ዘጠናው በሥራቸው ናቸው፤ መሣሪያውም ስሕተቱ ስለታወቀ ይታረማል። እድገት ማለት መብዛት ብቻ አይደለም። መጥፎው ወሬ ሳይረፍድ ከባለቤቱ ጆሮ የሚደርስበት ቤት ቢያንስም ይነሣል፤ የማይደርስበት ግን በበዛ ቁጥር አወዳደቁ ይከፋል።»

ነገሩ ገባቸው፤ ልባቸው ግን እንደ ከበደ ቀረ።

በሳምንቱ ስላጃን በራቸውን አንኳኳ። «መጥፎ ወሬ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ተናገር፣ ልጄ።»

«ልለቅ ነው። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«አሁን እኮ ሁሉም ተስተካከለ! ደግሞ ያላንተ መሣሪያውን ማን ያርመዋል?»

«ቬሪካ ታውቀዋለች። እኔ... አምና በብርዱ ወራት ልነግርዎት እዚህ በር ድረስ መጥቼ ነበር። እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ ተመለስሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ስገባ ራሴን እጠላዋለሁ።»

አቶ ራዲሳቭ ሊለምኑት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው አለቀሱ።