ከሻንጣዬ የወጣው የስኳር ሊጥ

የእህቴ ልጅ ሰላም ለጎረቤታችን ለሩቂያ ልጅ ኒካህ ኬክ ጋግራ የስኳር ሊጥ ልታለብሰው ነው። ራሷ ያቦካችውን ሊጥ ናቅኩና ከሻንጣዬ ከውጪ ያመጣሁትን አውጥቼ ሰጠኋት። ስትዳምጠው እንደ ሐር ተዘረጋ። ሩቂያ ከጎኔ ቆማ «እትዬ፣ ይሄማ ነጠላ ነው የሚመስለው!» አለችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ኮልፌ ተመልሼ፣ ሁሉም እንደ ባዳ ያየኛል እያልኩ ስብሰለሰል ለከረምኩት ለእኔ ይህም ትልቅ ነገር ነበር።

ሰላም ሊጡን በመዳመጫው አንስታ ኬኩ ላይ ልታሳርፈው ስትል፣ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ልማዴ ነውና ማሸጊያውን አነሳሁ። ከሥር በሰው አገር ቋንቋ፣ በደቃቅ ፊደል የአሳማ ጄላቲን እንዳለበት ይላል። ያን ቋንቋ ከእኔ በቀር የሚያነብ እዚያ ቤት የለም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም።

«ተዪው፣ አሳማ አለበት» አልኳት።

ቁጣ ስጠብቅ ሩቂያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እንኳን አነበቡት እትዬ! እኛማ እርስዎ ያመጡት ነው ብለን ሳንጠይቅ ልንበላው ነበር።»

ያመጣሁትን ሊጥ ከነማሸጊያው ጠቅልዬ ጣልኩት። ሰላም ጠረጴዛውንና መዳመጫውን አጥባ የናቅኩትን ሊጥ ፊቴ አስቀመጠች።

«በሉ አክስቴ፣ ይዳምጡት። የእኔው ሐር አይደለም፣ ጉልበት ይፈልጋል።»