ሦስት ዓመት የተባለው እግር

ሽሮ ሜዳ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሸማኔው ጋሽ ሻንካ የጎማ ግራ እግራቸውን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተቱ ተቀምጠዋል፤ እግሩን የሠራችላቸው ወጣት መሐንዲስ ርብቃ አጠገባቸው ቆማለች።

ሻንካ፦ አላወልቅም አልኩሽ። ካስፈለገሽ እኔንም አብረሽ ጫኚኝ።

ርብቃ፦ ለክፋት አይደለም፣ ጋሽ ሻንካ። ከአርባው እግር ዘጠኙን ሰብስቤያለሁ፤ እርስዎ አሥረኛ ነዎት። የምሠራበት የእግር መሥሪያ ማዕከል ደብዳቤ እስኪጻፍ ጠብቂ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ በራሴ ወጣሁ።

ሻንካ፦ ምኑ ነው የሚቃጠለው? ስትሰጪኝ ሦስት ዓመት አይነካውም ብለሽኛል። ገና ስምንት ወሩ ነው።

ርብቃ፦ ሦስት ዓመት ያለው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚለው እኔ ያስገባሁትን ነው።

ሻንካ፦ ታዲያ ምን አስገባሽ?

ርብቃ፦ የጎማውን ቁራጭ በማሽን እየሳብኩ፣ ምን ያህል ሲጎተት ምን ያህል እንደሚለጠጥ ለካሁ። ከዚያ ቀመር አወጣሁለት። ሰው ሲራመድ ጎማው ጣቱ ጋ ስንት ጊዜ ቢታጠፍ እንደሚበጠስ የሚናገር ቀመር። ማሽኑ የሌላ መሥሪያ ቤት ስለነበር ለሁለት ቀን ብቻ ነው የሰጡኝ። ቁራጩ ብዙ ሆነብኝና እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ሳብኩት።

ሻንካ፦ አንድ ጊዜ?

ርብቃ፦ አንድ ጊዜ።

ሻንካ፦ አዲስ ገመድ ገዝተሽ አታውቂም? የመጀመሪያ ቀን እንደ ጅማት ነው። ድር ወጥሬበት ሄጄ ጠዋት ስመለስ ረግቦ አገኘዋለሁ። የገመዱ እውነተኛ ጠባይ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ርብቃ፦ እኔም ተምሬው ነበር። ጎማ መጀመሪያ ሲሳብ ያሳየውን ጥንካሬ ሁለተኛ አይደግመውም። ውስጡ ተያይዞ የነበረው ይላቀቃል፤ ሲለቁት ግን ወደ ቅርጹ ስለሚመለስ ደህና ይመስላል። አውቄው ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሻንካ፦ ትንሽ አለመሆኑን አሁን ማን ነገረሽ?

ርብቃ፦ ወይዘሮ ትርንጎ።

ሻንካ፦ ጎመን ሻጯ? እግር የወሰድነው እኮ በአንድ ቀን ነው። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስንለካ፣ የኔ ካንተ ያምራል እያለች ስትስቅብኝ ነበር የዋለችው።

ርብቃ፦ እሷው ናት። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ዘንቢሏን ይዛ ደረጃ ስትወርድ ጎማው ከጣቱ ሥር ተገነጠለ። ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላይ ነው የረገጥኩት አለችኝ። አይደለም ሳልላት ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ተኝታ አረፈች፤ ባለፈው ሳምንት ቀበርናት።

ሻንካ፦ ነፍስ ይማር። እኔ አልሰማሁም።

ርብቃ፦ እሷ ተኝታ ሳለ ማሽኑን ለምኜ ጎማውን መልሼ ሳብኩት። አሁን ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ። ቀመሩን እንደ አዲስ ሠራሁት። ውጤቱ የወጣው በቀብሯ ዋዜማ ነው። ሦስት ዓመት ያልኩት ሰባት ወር ሆነ። ይህም ለሚራመድ ሰው ነው፤ እርስዎ የሸማ መሥሪያውን መርገጫ ከጎማው ጣት ጋር በገመድ አስረው ቀኑን ሙሉ ያጥፉታል።

ሻንካ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የአገሬ ሰው።

ርብቃ፦ የሚሉኝን ሁሉ እቀበላለሁ። እግሩን ብቻ ይስጡኝ።

ሻንካ፦ ብሰጥሽስ፣ ሌላ አለሽ?

ርብቃ፦ የለኝም። ጎማው ከውጭ ነው የሚመጣው። ታዟል ይላሉ፤ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም። ለጊዜው ክራንች ይዣለሁ።

ሻንካ፦ ላም አለኝ በሰማይ። በክራንች ይሄዱበት ይሆናል እንጂ ሸማ አይሠሩበትም። አንዱን መርገጫ ስጫን ነው ሌላው የሚነሣው፤ በአንድ እግር ድሩ አይከፈትም። ስኳር እግሬን የወሰደው ጊዜ ሁለት ዓመት ግድግዳ ሳይ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ የፈተለችውን ጥጥ ጎረቤት እየወሰደ ሲሠራው እሰማ ነበር። መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል፣ በግድግዳው በኩል። እግሩ የመጣ ቀን እዚህ ጉድጓድ ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ወደ ግድግዳው ተመለስ ነው የምትይኝ።

ርብቃ፦ እንዲወድቁ አልፈልግም።

ሻንካ፦ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ወዴት ይወድቃል?

ርብቃ፦ ወደ ቤት ሲሄዱ ቁልቁለቱን በምን ሊወርዱት ነው? እኔ እኮ በመጋቢት ለክትትል ስትመጡ ሁላችሁንም ጠይቄያለሁ። ችግር አለ ያለኝ አንድም ሰው የለም። የእርስዎ ወረቀት ላይ በእጄ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። ከሁሉም አብልጠው የሚያጥፉት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ከቆየ የሌላው የት ይደርሳል ብዬ ቀመሩን አመንኩት።

ሻንካ፦ እኔን አይተሽ?

ርብቃ፦ እርስዎን አይቼ።

ሻንካ፦ እሷ የወደቀችው ከፋሲካ በኋላ ነው ያልሽኝ?

ርብቃ፦ አዎ። ምነው?

ሻንካ፦ ነይ። ገመዱን ፍቺና ካልሲውን አውልቂው።

ርብቃ፦ ጋሽ ሻንካ፣ ይሄ ተሰፍቷል።

ሻንካ፦ በወስፌ በስቼ፣ ሰም በተቀባ ክር ነው የሰፋሁት። ሁዳዴ ሲገባ ነው የተሰነጠቀው። አንቺ ጋ ስመጣ ካልሲ ደርቤበት መጣሁ። ብናገር ትወስጂብኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ያን ጊዜ ብናገር የእሷንም ትወስጂባት ነበር?

ርብቃ፦ የሁላችሁንም። በዚያው ሳምንት።