ላብ የማያውቀው መንገደኛ

ሠናይት ሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ ወንበሯን ወደ እትዬ ዓይናለም ጠጋ አደረገችና ወሬዋን በፓርኪንግ ጀመረች።

«እሑድ ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ማግኘት እኮ ጾም ጸሎት ይፈልጋል እትዬ ዓይናለም! ሦስቴ ዞርኩ። ወንበሩስ ተመቸዎ? ቀዩ ወጥ ከከበደዎ አልጫውን ላስጠጋልዎ… ሀኒዬ፣ አንቺ ደግሞ ቀስ እያልሽ ብዪ፣ ሐኪሙ ያለሽን አትርሺ።»

የእትዬ ዓይናለም ልጅ ሀኒ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ካደረገች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ኢንግልዉድ ውስጥ ከሠናይት ጋር አንድ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ያን ቀን ሆስፒታል አድርሳ፣ በር ላይ ጠብቃ፣ ደግፋ ወደ ቤት ያስገባቻት ሠናይት ነበረች። የሀኒ እጮኛ መክብብ አልነበረም። ከሜክሲኮ ድንበር ተነስቶ ተራራ ለተራራ የሚሄደውን ረጅሙን የእግር መንገድ ጀምሬያለሁ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ብሎ ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ጥብሱን ይመርጣል። ገና ምግቡ ሳይቀርብ «የሚመጣው እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ እትዬ ዓይናለምን በደስታ አስለቅሷቸዋል።

ሠናይት ያየችውን ለሀኒ ልትነግራት ሁለቴ ሞክራ ነበር። ሁለቴም ሀኒ ትራስ ጎኗ ላይ ይዛ «ምስኪን፣ የት ተራራ ላይ ይሆን አሁን?» ስትል ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ሽማግሌ የሚለውን ስትሰማ ግን ዝም ማለት አቃታት። በግልጽ እንዳትናገር ደግሞ የሰው ማዕድ ነው።

«እኔ እኮ ሀኒ ኦፕራሲዮን ባደረገች በሦስተኛው ቀን ተራራ ወጥቼ ነበር፣ አልነገርኩዎትም? ዌስትቼስተር ከምሠራበት ሆቴል አንዲት እንግዳ፣ ያዘለችው ሻንጣ ከራሷ የሚበልጥ፣ ራይትውድ አድርሺኝ አለችኝ። ኦፍ ነበርኩ፣ ሶ ድራይቭ አደረግኩላት። እንዴት ያለች ደስ የምትል ትንሽ ከተማ መሰለችዎ! ዙሪያዋ ጥድ ነው። ያን መንገድ በእግራቸው የሚሄዱት ሰዎች ወርደው የሚያርፉት እዚያ ነው። ሰዉ አቀባበሉ! መኪናውን አቁሞ ይጭናቸዋል፣ ቁርስ ይጋብዛቸዋል… የአብርሃም ቤት ይበሉት። የማያውቁትን ሰው እኮ ነው! የሚያውቁትን ሰው መንከባከብማ… እሱ ለሁሉም አልተሰጠም።»

መክብብ ቀና አለ።

«ታዲያ ካፌው በር ላይ አንድ የአገራችንን ልጅ አየሁ። ስም አልጠራም፣ ምን ያደርጋል? እዚያ ለካ እርስ በርሳቸው የመንገድ ስም ይሰጣጣሉ። አንዱን እግሩ ቢላጥ ‹ብሊስተር› ብለውታል። የእኛው ልጅ ደግሞ ‹ፍሬሽ› ነው። ለምን አይሉኝም? ሦስት መቶ ምናምን ማይል በእግሩ መጥቶ አይሸትማ! ሌሎቹ አቧራ ለብሰው፣ ጥፍራቸው ረግፎ ያነክሳሉ… የእሱ ካልሲ ነጭ! ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ከልብ ከሄዱስ ላብ ይገዳል እንዴ? እኔ እንጃ… ጸጋ ነው ብዬ አለፍኩት።»

እትዬ ዓይናለም በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀኒ ወደ መክብብ ልታስጠጋው ያነሳችውን ሰላጣ ግማሽ መንገድ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ሠናይት ሳቋንም ፍርሃቷንም በአንድ ጉርሻ ዋጠች። ይቺን ልጅ ዛሬ ባጣትስ? አለች በልቧ። ቢሆንም ቀጠለች።

«ትሑት ነው ታዲያ፣ የተሰጠውን እምቢ አይልም። አንዲት አሮጊት ፓንኬክ አቀረቡለት፣ እግሩን ሊያጥቡት ምንም አልቀራቸውም! ‹ልጄ፣ የሚጠብቅህ ሰው የለም?› አሉት። ‹ማንም የለኝም› አላቸው። አንጀቴን በላኝ… እንግሊዝኛዬ አታሎኝ ይሆናል እንጂ። ኔትወርኩም እንዴት ይሠራል መሰለዎ! እዚያው ቆሜ ሀኒዬ ጋ ደወልኩ፣ ቁስሉ እንዴት አደረ ብዬ። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፣ አይደል ሀኒ?»

ሀኒ ስልኩን አስታወሰች። መክብብን ቀጥ ብላ አየችው። እሱ አስተናጋጇን ጠርቶ ውኃ አዘዘ፣ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ፊቱ ተቀምጦ።

«ስወጣ ደግሞ መንገደኞቹ ከሚያድሩበት ሎጅ ጀርባ አንድ ሰማያዊ መኪና፣ የኋላ መስተዋቱ ላይ የቸርች ፌሎውሺፓችን ስቲከር! ደስ አይልም? ወንጌል እስከዚያ ደርሷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትል ነበር እናቴ… የዘንድሮ እንቁላል እኮ ፓርክ አድርጎ ነው የሚሄደው! በእግሩ የቆመ ወንድ ማለት እንዲህ ነው… መቆም ነው ያልኩት እትዬ ዓይናለም፣ መሄድ አላልኩም።»

እትዬ ዓይናለም ማኘካቸውን አቆሙ። የመክብብን ሰማያዊ መኪና ያውቁታል፤ ዛሬ ከቸርች የመጡትም በእሱ ነው። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከመክብብ ወደ ልጃቸው ዞረ።

ሀኒ ጎኗን በእጇ ደግፋ ተነሳች። መክብብ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ከሠናይት አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ተቀመጠች። በጠረጴዛው ሥር የሠናይትን እጅ ፈልጋ ያዘችና ጨመቀችው፣ እስኪያማት ድረስ። የሠናይት ፍርሃት ያኔ ለቀቃት። ድምፅዋን እንደ ማር አለሰለሰችው።

«እኔ ግን አልፈረድኩበትም፣ የእናት ልጅ ነው። አሜን ይበሉ እትዬ ዓይናለም… እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው፣ ቤቱን ይባርክለት። የታመመ ቀን፣ ጎኑን ይዞ ‹ሰው የለም ወይ?› ያለ ቀን፣ ልክ እሱን ራሱን የመሰለ ወዳጅ ጌታ ይላክለት።»