የተቆረጠው ሳል

የወንድሜ አርባ በወጣ ማግስት በሚኒባስ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ ከፊቴ ያለ ወጣት ከጎኑ ለተቀመጡ እናት ስልኩን ያሳያቸዋል። ሟች ባላቸው ሲቀልዱ የተቀዳውን ድምፅ ለቲክቶክ ካርቱን አድርጎታል።

«እንዲህ ጎረምሳ አደረግኸው?»

«ካርቱን ነው፣ እማማ። አላማረም?»

«መልኩስ ያምራል። ሳሉ የታለ?»

«ቆረጥኩት። ሰው ጥርት ያለ ድምፅ ነው የሚወደው።»

«እሱ እኮ ቀልዱ ሊያልቅ ሲል ይስላል፤ እኛም ያን ጊዜ ነው የምንስቅ።»

«አላወቅሁም፣ እማማ።»

«ዋናው ድምፅ ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ አለ!»

«እንግዲያ ሳሉን መልስልኝ፣ ልጄ። ሰው ካልወደደው ይተወው።»

እኔም ከሞተ ወዲህ መክፈት የፈራሁትን የወንድሜን የድምፅ መልእክት ከፍቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።