እገሊት ተብላ የተቀበረችው

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ጎንደር ፒያሳ ቆሜ ወደ ዳባት የሚወስደኝን የጭነት ማኪና ስጠብቅ፣ ከጆንያ ክምር ላይ አንድ ሽማግሌ በስሜ ጠሩኝ። ቀና ብል መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። በልጅነቴ አዘዞ ላይ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። ጥምጥማቸው እንደ ወትሮው ነጭ ነው፤ ካንገታቸው የሚንጠለጠለው ክታብ ግን ከተለያየን ወዲህ ተዋልዶ በርክቷል።

«ውጣ እንጂ ባዬ! ምነው ቆመህ ቀረህ? የመንግሥት ሰው ሆንሁ ብለህ ጆንያ ላይ አትቀመጥም?»

«መቀመጡንስ እቀመጣለሁ፤ ግን የኔታ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«ወደ ወገራ፤ ለስብከት። ሕዝቡ በፍርሃት ታስሮ አለቀ አሉና እንድናስፈታው ከቤተ ክህነት ላኩን።»

እኔ የምሄደው ዳባት አጠገብ የተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት ለመጎብኘት ነበር። ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። በሌላው ጎናቸው ክንዱ የሚባል ወጣት ሰባኪ አለ። አዲስ አበባ ነገረ መለኮት ተምሮ የመጣ ነው። ከረባት አስሮ፣ በላዩ ነጠላ አጣፍቶ፣ መጽሐፍ ከታቀፈበት እጁ አቧራ እያራገፈ ይቀመጣል። ሲናገርም እያንዳንዱን ቃል አጣጥቦና አስጥቶ የሚያወጣ ይመስላል። የስብከታቸው ርእስ ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «አትፍሩ» አለኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ መሪጌታ ክታቦች ሄደ።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን መሪጌታ ከስልቻቸው ዳቦ አወጡና ጋቢያቸውን ከነራሳቸው ተከናነቡ።

«የኔታ፣ በረደዎት?» አለ ክንዱ።

«ዓይን አለ ልጄ» አሉ ከጋቢው ውስጥ፤ እያኘኩ።

«የማን ዓይን? እዚህ ያለነው እኛና የረዳቱ ዶሮ ብቻ ነን።»

«ዶሮስ ዕውር ናት?»

ክንዱ ሊስቅ ፈልጎ ትምህርቱ ከለከለው። በሌላ በር ገባ። «ነገ እንደደረስን ለቅዳሴው ቄስ የክርስትና ስማችንን እንሰጣለን፤ ለመንገዳችን ይጸልዩልናል። የኔ ተስፋ ሚካኤል ነው። የእርስዎ ወልደኢየሱስ ነው፤ አይደል?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው እንደ ሞኝ አዩት። «ወልደኢየሱስማ ላደባባይ ያወጣሁት ነው። ክፉ የሚያስብ ሰው እሱን ይዞ ሲባዝን ይኖራል። እውነተኛውን ያጠመቀኝ አምላክ ያውቀዋል፤ እኔ አውቀዋለሁ፤ በቃ።»

«እትዬ ስንዱስ?» አልሁ እኔ። ስንዱ ባለቤታቸው ናቸው፤ በልጅነቴ ቆሎ ሲሰጡኝ እንጂ ክፉ ሲሠሩ አላየሁም።

«ሚስት ስትቆጣ ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ገና አላገባህም።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ የአገራችንን ልማድ ያስታውስ። ሕፃን ሲጠመቅ ቄሱ ስም ያወጣለታል። እናት ያንን ስም ትደብቀዋለች፤ አስማተኛ ካገኘው ያስርበታል፣ ቡዳ ከሰማው ይበላበታል ተብሎ ይታመናልና። ስሙን የሚያውቁት እናት፣ የክርስትና እናት ወይም አባት፣ በኋላም የነፍስ አባት ብቻ ናቸው። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባሏን ሳያውቁ ወልደው ይድራሉ። ሌላው አገር ንብረቱን ይደብቃል፤ እኛ ክርስትናችንን ደበቅን።

ክንዱም ይህንኑ በረዥሙና በመጽሐፉ ቋንቋ ተናገረ። ስም የመጠሪያ እንጂ የመታሰሪያ ገመድ አለመሆኑን፣ አምላክ ልጆቹን በስም የሚጠራ መሆኑን ከብዙ ጥቅስ ጋር አስረዳ። መሪጌታ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «አንተ ልጅ፣ ሸጋ ትናገራለህ» አሉት። «የምትለውን እኔም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰብኬዋለሁ። ግን የቤትህን በር ለሌባ ከፍተህ ታድራለህ?»

«አላድርም፤ ነገር ግን ሌባ ፈርቼ የቤቴን ልጆች ውጭ አስቀርቼ አልዘጋባቸውም።»

«ይሄማ የአዲስ አበባ መልስ ነው» አሉና ተመልሰው ተከናነቡ። ውይይቱ በዚያ ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ያሸነፉት መሪጌታ መሰሉኝ።

ዳባት አደርን። በማግሥቱ፣ ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ፣ አብረን በበቅሎ መንገድ ወጣን። ከሰዓት በኋላ ሚካኤል ደብር ደረስን። ገና ከበቅሎ ሳንወርድ አንድ ጎልማሳ ገበሬ በሩጫ መጥቶ የመሪጌታን ጉልበት ሳመ። ከል ለብሷል፤ ጠጉሩን ተላጭቷል።

«መሪጌታ፣ አለነ እባላለሁ። አያስታውሱኝም፤ እኔ ግን ስምዎን ሰምቼ ነው የጠበቅሁዎ። በጎልማሳነትዎ እዚህ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ፣ ለወይዘሮ አምሳል ልጅ ክታብ ጽፈዋል። እንኳየሁ ትባላለች። ልጅቱ በንዳድ ታማ...»

«ከዋርካው በታች የነበሩት?» አሉ መሪጌታ፤ ፊታቸው በራ። «አወቅሁ! ከሞት ያተረፍኋት ልጅ! እንዴት ናት?»

«ሚስቴ ነበረች። ነገ አርባዋ ነው።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። እኛም ነፍስ ይማር አልን። ሰውየው ግን ለቅሶ ሊቀበል አልመጣም፤ የመሪጌታን እጅ አልለቀቀም።

«ስሟን ይንገሩኝ» አላቸው።

«የማንን?»

«የሷን። የክርስትና ስሟን። እናቷ ሞታለች። የክርስትና እናቷ ከሷ በፊት ሞታለች። የነፍስ አባታችን ባለፈው ክረምት አረፉ። አዲሱ ቄስ ቀብሯ ላይ ቢጠይቁኝ እኔ ምን ልበላቸው? ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ አላውቀውም። እንግዲህ በፍትሐቱ መጽሐፍ ላይ እንዳለው “አመትከ እገሊት”፣ አገልጋይህ እገሊት፣ ብለው ፈቷት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እገሊት ይላሉ መሪጌታ! ያችን የመሰለች ሰው፣ አምላክ ፊት እገሊት ተብላ ሄደች። ለነገ ተዝካሯ ስሟ ይጠራ ብዬ ነው። ክታቡን ሲጽፉ ስሟን ጽፈዋል። ስሟን ከሚያውቁት በምድር ላይ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞረ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ወለተ...» አሉ። «ወለተ ኪዳን? የለም። ወለተ ሐና... ቆይ፣ እናቷ በጆሮዬ ነው የነገረችኝ። ወለተ...»

አለነ የአፋቸውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይከተላል። የሰውየው ተስፋ በአንድ ሽማግሌ ከንፈር ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው፣ በማኪናው ላይ ለመሳቅ የያዝሁት ሳቅ ሁሉ ከውስጤ ጠፋ።

«ጠፋኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጻፍሁ። ክታቡስ? ክታቡ የት አለ?»

«ገና ሙሽራ ሳለች ወንዝ ስትሻገር ወሰደባት።»

«ወየው!»

«ክታቡ ከሄደ ወዲያ ያንን ወንዝ ተሻግራው አታውቅም። ገበያው ማዶ ነው፤ እኔ ነበርሁ የምሄደው። እናቷ ማዶ ሞተች፤ ለቅሶ አልደረሰችም። እዚህ አፋፍ ላይ ቆማ፣ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እያየች፣ ደረቷን ስትመታ ዋለች። “ነይ፣ እኔ እጅሽን ይዤ አሻግርሻለሁ” ብላት፣ “ስሜ ውኃው ውስጥ ነው” አለችኝ።»

አሁን ክንዱ መጽሐፉን ገልጦ ድል ያደርጋል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን ኖሮ አደርገው ነበር፤ ለዚህም ነው ሰባኪ ያልሆንሁት። እሱ ግን መጽሐፉን ለእኔ ሰጠኝና የአለነን ትከሻ ያዘ።

ይህ የከበዳቸው መሪጌታ ናቸው። «እኔ እኮ ልጠብቃት ነው!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «እናቷን ደብቂ ያልኋት ለክፋት አይደለም። ደጋግሜ ነገርኋት፤ ለማንም አትንገሪ፣ ልጂቱም ለማንም አትንገር አልሁ። ለመጠበቅ!»

«ከማን፣ መሪጌታ?» አለ አለነ።

«ከጠላት ነዋ።»

«ከኔም ጠበቋት» አለ ገበሬው። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ምስክር ነው የተናገረው።

መሪጌታ እንደ ተመታ ሰው መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። ወደ ክንዱም ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ያዲስ አበባው፣ እስቲ ተናገር። ዝም አትበለኝ። ተሳስቻለሁ?»

ክንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥቅስ ተናገረ። «የኔታ፣ እኔ አልፈርድብዎትም። ልጂቱ ስትታመም ያገኙትን ሰጡ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ጊዜ ስትጠመቅ ቄሱ ስሟን ጮኸው ነው ወይስ አንሾካሹከው የጠሩት?»

«ጮኸው ነው እንጂ። ሥርዓቱ ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ የጠራችውን እኛ ከየት አምጥተን ምስጢር አደረግነው?»

«ፈርተን» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲህ እሷን የያዘውስ ማን ነው? አስማተኛው ስሟን አላገኘም። ቡዳውም አልሰማም። ሁሉም እንዳሉት ተጠብቋል። እሷ ግን ዕድሜዋን በሙሉ አንድ ወንዝ መሻገር አቃታት።»

መሪጌታ ካንገታቸው ያለውን ክታብ ጨበጡ። ክርክር በሰፊ ንግግር የሚያልቅ ለእኛ ለተማርነው ይመስለን ነበር፤ አንዳንዴ ሰው የሚረታው መልስ ሲያጣ ሳይሆን መልሱን ቀድሞውኑ እንደሚያውቅ ሲገባው መሆኑን ያን ቀን አየሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በዐውደ ምሕረቱ ተቀመጠ። መሪጌታ ተነሥተው፣ «የዛሬው ስብከት አትፍሩ ነው» አሉና ቆሙ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥቅስ ሁላችንም ጠበቅን፤ አልመጣም።

«ሃምሳ ዓመት አትፍሩ እያልሁ ሰብኬያለሁ» አሉ። «ጥቅሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ዶሮ ሲያየኝ እህል አልበላም። የተጠመቅሁበትን ስም አፍሬበት ሳይሆን፣ ፈርቼ ሸሸግሁት። እናንተንም ሸሽጉ አልኋችሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት በኔ ምክር ስሟን አጥታ ተኝታለች።» ክታቦቹን አንድ በአንድ ካንገታቸው አውልቀው እግራቸው ሥር አስቀመጡ። «የክርስትና ስሜ ገብረ መድኅን ነው።»

ከሴቶች በኩል ጩኸት ተነሣ። አንዲቱ የልጇን ጆሮ ደፈነች። ትርንጎ የምትባል አሮጊት፣ «ኧረ ዝም በል አንተ ሰው! ልትሞትብን ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብሎ ይወድቁ እንደሆነ ይጠብቃቸው ጀመር። አልዋሽም፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሩቁ እኔም ጠጋ ብዬ አየኋቸው። መሪጌታ አነጠሱ፤ ሕዝቡ ተሸበረ፤ እሳቸው አፍንጫቸውን ጠርገው፣ «ብርዱ ነው፣ አትፍሩ» አሉ። ያኔ ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

ከሳቁ በኋላ ነው ነገሩ የተፈታው። በላቸው የሚባል ገበሬ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «የኔ ኃይለ ማርያም ነው፤ ያንቺስ?» አላት። «ወለተ ጻድቅ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ምነው፣ ይህን የመሰለ ሸጋ ስም ይዘሽ ነው የደበቅሽኝ?» ሲላት፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ጥርሳቸውን አሳዩ። ባልና ሚስት እንደ አዲስ እጮኛ ሲተዋወቁ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው።

በኋላ ለሥራ ደጋግሜ ወደዚያ ደብር ሄጃለሁ። ልጆች የክርስትና ስማቸውን እንደ ዳዊታቸው በቃላቸው ያውቃሉ። የታመመ ሰው ሲኖር ቤተሰቡ ስሙን ለካህኑ ይነግራል፤ በየቤቱ በስም ይጸለይለታል። ሙሽሮች ቃል ሲገቡ ስማቸውን ይለዋወጣሉ። ክታብ ጸሐፊዎች ገበያ ቀነሰብን ብለው አጉረምርመዋል፤ አንዱማ እርሻ ጀምሯል፤ ገብሱ ሸጋ ነው አሉ። ትርንጎ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ግን ለልጅ ልጇ በጆሮዋ ነግራታለች ይባላል፤ ይህም መንገድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በዚያ ደብር ሰው ሲሞት ቄሱ ዞሮ የሚጠይቀው ባል፣ ልጅ፣ ጎረቤት መኖሩ ነው። ክርስቲያን ነን የምንል ሁሉ ይህን ብናደርግ የምናጣው ምንም የለም፤ የምንተወው ፍርሃቱን ብቻ ነው።

ለእንኳየሁ ግን ይህ ሁሉ ዘገየ። የዚያን እሑድ መቃብሯ ላይ ፍትሐት እንዲያደርሱ ካህናቱ መሪጌታን ለመኗቸው። ስሟ የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ ሕዝቡ ሁሉ ጠበቃቸው። ምናልባት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይመጣልኛል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። አልመጣም። «አመትከ...» አሉ፤ ደገሙና፣ «አመትከ እገሊት» ብለው አለቀሱ።

ሕዝቡ ሲበተን አያ አለነ ቀረ። ልንጠራው ሄደን፣ ከድንጋዩ አጠገብ ተንበርክኮ አፈሩን በመዳፉ ሲያስተካክል አገኘነው። እንዳየነው ያወቀ አይመስልም።

«እኔስ መች ነገርሁሽ፣ እንኳየሁ» አላት። «ወልደ ሐና ነኝ።»

ድምፁን ዝቅ አላደረገም። በግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው።