ድልድይ አፍ ላይ የቆመው ወተት

(ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ዓመት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ድልድይ አፍ ላይ በተወጠረ የኬላ ገመድ ፊት በቆመ የወተት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሱራፌል ከወተት ማኅበሩ ሰብሳቢ ከወይዘሮ አንጓች ጎን ተቀምጦ፣ ሾፌሩ ከኬላ ጠባቂዎቹ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ሲስቅ እያየ፣ እሱ ግን ከመኪናው ሞተር ብሶ ግሏል።)

ሱራፌል፦ አንድ ቃል እኮ ነው እትዬ አንጓች! «እሺ» ብለው ለቀበሌው ሊቀመንበር ለአቶ ጓንጉል ቢልኩ ገመዱ አሁኑኑ ይነሳል።

አንጓች፦ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ። አንተ ቃል እንደ ስብሰባ ውሃ በነፃ የሚታደል ይመስልሃል።

ሱራፌል፦ ቀልዱን ይተዉትና ፀሐይዋን ይዩአት። ማዶ የምትሸጠው ዘሃራ ወተቱን ከመግሪብ በፊት ካላገኘች፣ ለማፍጠሪያ የሚፈልገው ሰው ሁሉ ዱቄት ወተት ገዝቶ ይገባል። ነገም እንደዚያው ነው። ደንበኛ አንዴ ከሸሸ ማን ይመልሰዋል?

አንጓች፦ አውቃለሁ።

ሱራፌል፦ ወደ ኋላ እንዳንመልሰው ደጋው ጾም ላይ ነው። ማን ይጠጣዋል?

አንጓች፦ እሱንም አውቃለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ «ዘንድሮ በሁዳዴ አትናጡ፣ ማዶ የሚጠጣው ሰው አለ» ያልኩት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ያስቀምጡት የነበረውን ቅቤ ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ።

ሱራፌል፦ ታዲያ ለሴቶቹ አያዝኑም?

አንጓች፦ ስላዘንኩ አይደል ከዚህ ምድጃ ላይ የተጣድኩት! ባላዝንማ ሾፌርህ የጓንጉልን መልእክት ሲነግረኝ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ሱራፌል፦ መልእክቱን እኔም ሰምቻለሁ። «መኪናው ይለፍ፤ ሲመለስ ግን ዘቢደርን ይዞ ይመለስ» ነው ያሉት። ልጅ ወደ ቤቷ ትመለስ ማለት ምን ክፋት አለው?

አንጓች፦ ወደ ማን ቤት?

ሱራፌል፦ ወደ እናቷ ቤት ነዋ። ወደ እርስዎ።

አንጓች፦ እሰይ! ጓንጉል ለኔ ቤት አስቦ፣ አንጓች ልጇ ናፍቃታለች ብሎ ድልድይ ዘጋልኝ?

ሱራፌል፦ የዘጉት ለጸጥታ ነው። የገበያው ዕለት ተኩስ ተሰምቷል። ሊቀመንበር ናቸው፤ ኃላፊነት አለባቸው።

አንጓች፦ ተኩሱ ጅብ ለማባረር ነበር። ጅቡም በዚያው ሄዷል፣ ገመዱ ነው አልሄድ ያለው።

ሱራፌል፦ እንግዲህ እኔ የተነገረኝ ይኼ ነው።

አንጓች፦ አንተማ ምን አለብህ! ያንተን ድርሻ አንዴ ቆመህ ተናግረሃል።

ሱራፌል፦ ምኑን ነው የተናገርኩት? ይቅርታ፣ ስልክ ነው። ሄሎ? አዎ ዳይሬክተር... አዎ፣ መንገድ ላይ ነን... የለም፣ ምንም ችግር የለም። ሁሉም ባለድርሻ አካል ተቀናጅቷል። እሺ። እሺ፣ አመሰግናለሁ።

አንጓች፦ በሁዳዴ ዋሸህ።

ሱራፌል፦ አልዋሸሁም፤ መንገድ ላይ ነን።

አንጓች፦ መንገድ ላይስ ነን። ያ ባለፈው አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨባችሁለት ነገር ምን ነበር? ሰንሰለት ስትሉ የነበረው?

ሱራፌል፦ «ከላም እስከ ብርጭቆ የማይቋረጥ ሰንሰለት»። ግብርናው፣ እንስሳት ጤናው፣ ንግዱ፣ መንገዱ፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠበት ቀን ነበር። እንዴት እንደለፋሁበት!

አንጓች፦ ሰንሰለቱስ አልተቋረጠም። ገመድ ጠለፈው እንጂ።

ሱራፌል፦ እባክዎ እትዬ አንጓች፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን ይንገሩኝ። እኔ እዚህ መኪና ውስጥ ልፈነዳ ነው።

አንጓች፦ እውነት አታውቅም?

ሱራፌል፦ ምኑን?

አንጓች፦ ጓንጉል ዘቢደርን ለልጁ ለፈንታው ይፈልጋታል። እሷ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ወተት መርማሪ አድርገህ ማዶ ዘሃራ ዘንድ ስትቀጥራት አምላክ ከእጁ ያወጣት መስሎኝ ነበር። ጓንጉል ግን ወንዝ ተሻግራ ከእጄ ልታመልጥ ነው አለና ድልድዩን ያዘ። ዛሬ በወተቱ መኪና ተጭና ከመጣች ገመዱን ተሻግራ ወዴት ትሄዳለች? ከገመዱ ወዲህ ያለው ሁሉ የሱ ነው።

ሱራፌል፦ ኧረ በሕግ! እና ዝም ብሎ ልጅ አምጡ ይባላል? በወጉ ሽማግሌ አይልኩም?

አንጓች፦ አይልኩም ወይ ይለኛል! ሱራፌል፣ አራተኛው አንተ አልነበርክም?

ሱራፌል፦ የቱ አራተኛ?

አንጓች፦ የቅበላው እሁድ! ሦስቱ ሽማግሌዎች ከነጋቢያቸው፣ አንተ አራተኛ ሆነህ፣ ደጃፌ ላይ በረድፍ ቆማችሁ።

ሱራፌል፦ ያ እኮ የማኅበረሰብ ምክክር ነበር!

አንጓች፦ ጋቢ ለብሶ?

ሱራፌል፦ አቶ ጓንጉል ናቸው፣ ብርድ ነው ብለው ያለበሱኝ። «ወደ አንጓች ቤት የሚሄዱ ሰዎች አሉ፣ አንተም አብረህ ብትቆም ደስ ይለኛል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ተሳተፈ ብዬ ደስ አለኝ።

አንጓች፦ ግቡ ተቀመጡ ስላችሁስ አልቀመጥም ያልከው?

ሱራፌል፦ ሌሎቹ አልተቀመጡማ! ሽማግሌ ቆሞ እኔ ብቀመጥ ነውር ይሆናል ብዬ ነው።

አንጓች፦ «ሁለቱን ወገን ለማቀራረብ ነው የመጣነው፣ በጎ ምላሽዎን እንጠብቃለን» ያልከውስ?

ሱራፌል፦ ስለ ወተቱ ነዋ! ስለ እርስዎ ማኅበርና ስለ ቀበሌው! ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከጓሮዎ ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ ስመለስ እነሱ መንገድ ጀምረዋል።

አንጓች፦ ዋናውን ነገር የተናገሩት ያኔ ነዋ። በስመአብ! ገብርኤል ያውቃል፣ እስቲ ማልልኝ።

ሱራፌል፦ እናቴ ትሙት። አላወቅሁም።

አንጓች፦ እኔ ግን ያን ቀን እንዴት እንደተቃጠልኩ! ይህ ልጅ ሴቶቻችንን ሰብስቦ «የላማችሁም የራሳችሁም ጌታ እናንተ ናችሁ» ይለናል፣ ዞር ሲል ለጓንጉል ጋቢ ለብሶ ልጄን ሊጠይቅ ይመጣል ብዬ ጠላሁህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ክፉኛ ጠላሁህ።

ሱራፌል፦ ለዚህ ነዋ ሰላምታዬን ከአፍንጫዎ በላይ የሚቀበሉት። እኔ የመኖው መዘግየት አስቀይሞዎት ነው ብዬ ነበር።

አንጓች፦ መኖውም ዘግይቷል፤ እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ሱራፌል፦ እንግዲያውስ ምን አስጨነቀዎት? አይሆንም ይበሏቸዋ!

አንጓች፦ ብያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደጋግመው መጥተዋል፣ በመጡ ቁጥር አልሰጥም ብያቸዋለሁ። ግን አንደኛው ከጓንጉል መሬት ይጠብቃል፣ የሁለተኛው ልጅ ቀበሌ ተቀጥሯል፣ ሦስተኛው ሲፈጠር ፈሪ ነው። «አልሰጥም» ያልኩት እዚያ ሲደርስ «ከፋሲካ በኋላ እናስብበት ብላለች» ሆኖ ይነገራል። እንደ ክፉ ነጋዴ ወተት ውሃ ይጨምሩበታል።

ሱራፌል፦ እርስዎ ራስዎ ሄደው ለምን አይነግሯቸውም?

አንጓች፦ ሽማግሌ ተልኮብኝ? ሽማግሌውን ረግጬ ደጃፉ ላይ ሄጄ ልጮህ? ያኔማ አገሩ ሁሉ «አንጓች ሽማግሌ ናቀች» ይለኛል፤ እሱ የተበደለ ይሆናል፣ እኔ በዳይ። ሽማግሌ የጠየቀውን መልሱን የሚያደርሰው ሽማግሌ ነው።

ሱራፌል፦ ጠባቂዎቹስ? ምናቸው ነውና ያግዟቸዋል?

አንጓች፦ ጸጥታ ነው ተብለዋል፣ ጸጥታ ነው ብለው ቆመዋል። አቶ ጓንጉል ለልጁ ሚስት ስለተነፈገ ነው የዘጋው ብሎ በግልጽ የተናገረ የለማ! ወሬው ሹክሹክታ ነው፤ በሹክሹክታ ደግሞ ማንም ገመድ አይፈታም።

ሱራፌል፦ ሴቶቹ ቢያውቁ ኖሮ ባሎቻቸውን ይናገሩ ነበር። ለምን አልነገሯቸውም?

አንጓች፦ አፈርኩ።

ሱራፌል፦ ምን ያሳፍራል?

አንጓች፦ ወተታችሁ የተያዘው በኔ ልጅ ነው ልበላቸው? ደግሞስ ከመካከላቸው አንዷ ተነስታ «ስጪውና እንገላገል» ብትለኝስ? ሌሎቹ ዝም ቢሉስ? ፈራሁ ሱራፌል። በጓንጉል ፊት ያልፈራሁትን ያህል የሴቶቹን ዝምታ ፈራሁ። ሰብሳቢ ተብዬ እፊታቸው እቀመጣለሁ፣ ሆዴ ግን ከነሱ ተደብቋል።

ሱራፌል፦ እኔን የሚያሳዝነኝ... ቆይ፣ እንደዚያ አይዩኝ።

አንጓች፦ እንዴት አየሁህ?

ሱራፌል፦ እንደ ሽማግሌ።

አንጓች፦ ነህ እኮ። ሳታውቅ ቆምክ እንጂ ቆመሃል። ከአራቱ ውስጥ መልሴን ያልሰማው፣ ውሃም ያልጨመረበት አንተ ብቻ ነህ።

ሱራፌል፦ እትዬ አንጓች፣ አይሆንም። አቶ ጓንጉል የቅንጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ለወተት መሰብሰቢያ ጣቢያው መሬት የመሩት እሳቸው፣ መብራት እንዲገባ የጻፉት እሳቸው። ሰብሳቢ ያደረግኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

አንጓች፦ ለምን አደረግኸው?

ሱራፌል፦ ያለ እሳቸው ምንም አይንቀሳቀስም ተባልኩ።

አንጓች፦ ይኸው፣ ከሳቸውም ጋር አልተንቀሳቀሰም።

ሱራፌል፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! እኔን ነው። ዛሬ ሰው ፊት ባዋርዳቸው ነገ ጣቢያውን ያዘጉታል። መሥሪያ ቤቴም «ከአካባቢው አመራር ጋር ተጋጨ» ብሎ ያነሳኛል። እናቴን የምጦረው በዚህ ደመወዝ ነው። ባልናገር ወተቱ ተበላሽቶ ፕሮጀክቱ እዚሁ ገመድ ላይ ይሞታል። እርስዎ እሺ ቢሉ ደግሞ... በየት በኩል ነው የሚወጣው? ይንገሩኝ፣ በየት?

አንጓች፦ እኔም ስንት ቀን የጠየቅሁት ይኼንኑ ነው። እንግዲህ ደህና መጣህ፣ ቤቱ ለሁለት አይጠብም።

ሱራፌል፦ ይስቃሉ?

አንጓች፦ አልሳቅሁም። አልፈርድብህም ልጄ፤ እናት ያለው ሰው ነህ። በል ስልክህን ስጠኝ።

ሱራፌል፦ ለማን ሊደውሉ?

አንጓች፦ ለዘቢደር። ልብስሽን ሸክፊና ጠብቂ፣ መኪናው ይዞሽ ይመለሳል ልበላት። ያ ሁሉ የሴት ላብ ከኋላዬ እየጎመዘዘ እዚህ ተቀምጬ ላመሽ አልችልም። ጡት የሚጎትት ጥጃ ከልክለው ነው እኮ ያለቡት! ስጠኝ አልኩህ።

ሱራፌል፦ ምን ትልዎታለች?

አንጓች፦ ምንም አትለኝም። እሺ እማ ትለኛለች። የሚገድለኝም እሱ ነው፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱራፌል፦ ስልኩን አልሰጥም።

አንጓች፦ ሱራፌል!

ሱራፌል፦ አልሰጥም አልኩ! ቅድም እሺ ይበሉ እያልኩ የጎተጎትኩዎት እኔ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ... ቆይ አንድ ጊዜ። ያ ነጭ ኮፍያ ያደረገው እሳቸው ናቸው?

አንጓች፦ ራሱ ነው። መልስ ሊቀበል መጣ። ፈገግታውን አየህልኝ? ከሩቅ ያስታውቃል።

ሱራፌል፦ ጠባቂዎቹም ተነሱላቸው።

አንጓች፦ የመጀመሪያው፣ ያ መሣሪያውን በትከሻው ያደረገው፣ የየኔነሽ ባል ነው። ከኋላችን የተጫነው የመጀመሪያው የወተት ቢዶን የየኔነሽ ነው። ሁለተኛው የብርቄ ባል ነው። ብርቄ ትናንት ጥጃዋ ሞቶባት ዛሬም ወተት አላስቀረችም።

ሱራፌል፦ ምን ተብሎ ነው የሚነገረው? ሥርዓቱን አላውቅም።

አንጓች፦ የላከህን ሰው ስም ትጠራለህ፣ የተጠየቀውን ትናገራለህ፣ የተመለሰውን ትናገራለህ። ሌላ ምንም የለውም። ሰውም ሆነ እግዜር እንዲሰማው ጮክ ይባላል።

ሱራፌል፦ እሺ፣ ልውረድ። ይሄ በር ግን እንዴት ነው የሚከፈተው?

አንጓች፦ አንተ ለምትናገረው አስብ። በሩን እኔ እከፍትልሃለሁ። ያውልህ።

ሱራፌል፦ አቶ ጓንጉል! ባሉበት ይቁሙልኝ። እናንተም ወንድሞቼ ጠጋ በሉ፣ የየኔነሽ ባል፣ የብርቄ ባል፣ ሁላችሁም ስሙኝ! አቶ ጓንጉል ለልጃቸው ለፈንታው ዘቢደርን ጠይቁልኝ ብለው ከላኩን ሽማግሌዎች አራተኛው እኔ ነኝ፤ እናቲቱ «ልጄን አልሰጥም» ብለዋል፣ ድልድዩ የተዘጋውም ለዚህ ነው፣ እናንተም በዚህ ገመድ ይዛችሁ ያቆማችሁት የገዛ ሚስቶቻችሁን ወተት ነው!