የሰይድ ግራ ዓይን

ከቆቦ ወደ ሮቢት በምትሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ላለው ወንድሟ ውሃ ብትዘረጋለት አልተቀበላትም።

«ሰይድ፣ ያዘው እንጂ!»

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ! ይኸው በግራህ፣ አታይም እንዴ?»

«ግራ ዓይኔ ማየት ካቆመ ሰነባበተ፣ እታለም» አላት።

«ያ ረቢ! እጢው ተመለሰ?»

«እንጃ። ህንድ አገር ፕሮቶን የሚሉትን ጨረር ሊሰጡኝ ሲሉ፣ ‹እጢው ከራስ ቅልህ ሥር፣ ከዓይንህ ነርቭ አጠገብ ስለሆነ ቆይቶ እይታህን ሊነካው ይችላል› ብለውኝ ነበር።»

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ብነግርሽ ጨረሩን ታስጀምሪኝ ነበር?»

«ታዲያ ሞትህን ልመርጥ ኖሯል? እንዲህ ሆነህ ነው ነገ አይሱዙ የምትነዳው?»

«ቀኙ ደህና ያያል።»

«እሱም ቢከተልስ? ሮቢት አንቀርም፤ ቀጥታ ደሴ፣ ዓይን ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው።»

«እጢው ነው ቢሉኝስ?»

«እጢውም ይሁን ጨረሩ፣ ሳናውቀው አናድርም። የአይሱዙውን ቁልፍ አምጣ።»

«እታለም...»

«አምጣ አልኩህ!»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

እኔ የሾፌራችንን ዓይኖች በመስታወቱ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋቸውና ሮቢት እስክንገባ ድረስ ዓይኔን ከእነሱ ላይ አልነቀልኩም።